የእናቱ ጣት

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ኮምቦልቻ ዝናብ እንደመጣባት እህል አስጪ ትጣደፋለች። ባለሱቁ መስኮቱን ይገጥማል። ከደሴ የሚወርደው አውቶቡስ የትም ይድረስ የት ዳር ይዞ ይቆማል፤ ሹፌሩም ተሳፋሪውም ከየኪሳቸው ሰሌዳቸውን አውጥተው አንገታቸውን ይደፋሉ። እሳት ላይ የተጣደ ወጥ ያራል። ሕፃን ያለቅሳል፤ እናቲቱ በእግሯ እየወዘወዘችው ዓይኗን ከሰሌዳዋ አትነቅልም። ቀብር እንኳ ቢሆን ለዚያች ግማሽ ሰዓት ይቆማል፤ ቃሬዛው መሬት ይወርድና ተሸካሚዎቹ ዙሪያውን ቁጢጥ ይላሉ። ይህን «ድካም ማድረስ» ይሉታል። ሰው ከሰው ሲገናኝ ከጤና ቀጥሎ የሚጠያየቀው እሱን ነው፤ «ድካምህን አደረስክ?»

ድካሙ ለማየት ቀላል ነው። ሰሌዳው ላይ የተወሳሰበ ክር ይመጣል፤ ያንን በጣት እየተከተሉ መፍታት ነው። ክሩ ይርቃል፣ ይሰወራል፣ ባልታሰበ በኩል ብቅ ይላል። ሰሌዳው የጣትን ሙቀት፣ የደም ሥርን ትርታ፣ የእጅን መንቀጥቀጥ ያዳምጣል። ሌላ ነገር ማሰብ አይቻልም። ግማሹ ሰዓት ሲያልቅ ሰው ከወፍጮ ቤት እንደተመለሰ አህያ ዝሎ ይነሳል። የሠራው ነገር የለም፣ ያተረፈው የለም። ስሙ ግን አንድ ቀን አደረ።

ስም ሲባል የሸንጎ ስም ነው። ሸንጎው ዳኛም ጽሕፈት ቤትም የለውም፤ ከሰሌዳ ወደ ሰሌዳ እየተቀባበለ የሚሄድ የከተማው ሰው ድምፅ ነው። ውሃ በየት ይለፍ፣ ጉድጓድ የት ይቆፈር፣ ማን ከማን ጋር ይኑር የሚለው ነገር የሚቆረጠው እዚያ ነው። በሸንጎው ማንም በቤቱ ስም አይናገርም። ሰሌዳው በዘፈቀደ ያወጣለት ስም አለው፤ ያንን ለሚስቱም አይነግርም። የሰውን የሸንጎ ስም መጠየቅ ሰው ሲታጠብ በር ከፍቶ እንደ መግባት ነው።

ይህ ሁሉ ያለ ምክንያት አልመጣም። ሽማግሌዎቹ «የሺህ አፍ ዘመን» የሚሉት ጊዜ ነበር። ያኔ ስም በነጻ ይወጣ ነበር። አንድ ሰው፣ ሰውም አልነበረም የሚሉ አሉ፣ ሺህ ስም አውጥቶ በሺህ አፍ ተናገረና የከተማውን ምንጭ በድምፅ ብልጫ አሳልፎ ሰጠ። ሰዉ ጎረቤቱ ሁሉ የተስማማ መስሎት ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ስም ተወደደ። በገንዘብ ግን አይገዛም፤ በገንዘብ ቢገዛማ ሀብታም ሺህ ስም በገዛ ነበር። የሚገዛው በዕድሜ ነው። አዲስ ስም አምስት ዓመት ሙሉ ዕለት ዕለት ካልተደከመበት ሸንጎ ላይ ድምፅ አይኖረውም፤ አንድ ቀን የተዘለለ እንደሆነ ደግሞ ይሞታል። ሁሉም በአንድ ሰዓት የሚደክመውም ለዚሁ ነው፤ የሰው ልብ አንድ ስለሆነ ለሁለት ስም መድከም አይችልም።

አበጋዝ ግን ይችል ነበር።

አበጋዝ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ሙቀቱ ዓመት ከዓመት እየባሰ በሄደባት ከተማ ማቀዝቀዣ የሚጠግን ሰው ክብሩ ከሐኪም አያንስም፤ በየደረሰበት ወንበር ይለቀቅለታል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ግን የማንም ማቀዝቀዣ ሆዱ ተዘርግፎ ቢገኝ እንዳለ ትቶት ወደ ቤቱ ይገሠግሣል። ሰዉም አይቀየመውም። «እናቱን ሊያስቀምጥ ነው፤ እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን» ይላል።

እናቱ ወይዘሮ ብርዛፍ በደህና ዘመናቸው ጥጥ ፈታይ ነበሩ። የመርሳት በሽታ ሲጀምራቸው የልጃቸውን ስም ረሱ፣ የሰፈሩን መንገድ ረሱ፣ እጃቸው ግን ክር አልረሳም። ሰሌዳው ሲሰጣቸው ጣታቸው ብቻውን ይሄድ ነበር። ሐኪሙም ጎረቤቱም ተገረመ። በመጨረሻ አንድ ቀን ሰሌዳውን አገላብጠው አዩና «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው ገፉት።

አበጋዝ ያን ቀን ደነገጠ። የእናቱ ስም ዓይኑ እያየ ሊሞት ነው። የሺህ አፍ ዘመን እንዳበቃ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከወጡት ስሞች አንዱ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጠና የራሱን ሰሌዳ ቀኝ ጉልበቱ ላይ፣ የእናቱን ግራ ጉልበቱ ላይ አደረገ። በግራ እጁ የእናቱን ጣት ያዘ። «ዛሬን ብቻ» አለ በሆዱ።

በሽተኛን ደግፎ ማስቀመጥ የተፈቀደ ነው። የሰው ጣት ይዞ መጎተት ግን ስሙ ሌላ ነው፤ በሁለት ስም የሚደክም ሰው «ባለጥላ» ይባላል፤ በከተማው ከሌባ የከፋ ስድብ እሱ ነው። ሰሌዳው ይህን አልለየም። ጣቱ የብርዛፍ፣ ሙቀቱ የብርዛፍ፣ ትርታው የብርዛፍ ነበር። ከጣቱ በላይ ያለውን እጅ ማን ይየው?

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭንቅ ነበሩ። ዓይኑ ከጉልበት ጉልበት እየዘለለ ሁለቱም ክሮች ሊያመልጡት ይደርሱ ነበር፤ ሲጨርስ ሸሚዙ ይጨመቃል። እየዋለ እያደረ ግን ለመደው። እንዲያውም በችሎታው ልቡ ትንሽ ያብጥ ጀመር። የእናቱን የሸንጎ ስም ከሰሌዳው ላይ ያነበበ ቀን አፍሮ ፊቱን አዙሮ ነበር፤ «የጤፍ ነዶ» ይላል። ከወር በኋላ ስሙን እንደ ራሱ ስም ያየው ጀመር። ድምፅ በሚሰጥበት ቀን አስቀድሞ «እማዬ ደህና ብትሆን ምን ትል ነበር?» እያለ ያስብ ነበር። ቆይቶ ማሰቡን ተወው። የራሱን ስም፣ ሰማያዊ ማገርን፣ በተጫነበት በኩል የእናቱንም ጣት ይጫን ጀመር።

በዚያ ዓመት ሸንጎው ስለ ውሃ ታንከር ይከራከር ነበር። ከቆላ ሙቀት ያባረራቸው ሰዎች ከደረቀው ወንዝ ማዶ በድንኳን ሰፍረዋል። ከተማው አዲስ ጉድጓድ አስቆፍሯል፤ የቀረው ታንከሩን ከድንኳኖቹ አጠገብ ወይስ ከተማው ውስጥ እናቁመው የሚለው ነው። አበጋዝ በሰማያዊ ማገር ስም ረጅም ንግግር ጻፈ። ታንከሩ ጉብታው ላይ፣ ከሱ ሰፈር በላይ እንዲቆም ፈለገ። ውሃ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ከጉብታው ላይ ሁሉም እኩል ይጠጣል አለ። ጽሑፉ ያማረ ነበር፤ ደጋግሞ አነበበው።

«አሮጌ ድልድይ» የሚባል ስም መለሰለት። የጻፈው ይህን ብቻ ነው፦ «ውሃ ከላይ ወደ ታች መውረዱ እውነት ነው። ከላይ ያለው ሰው ቧንቧውን እስካልዘጋው ድረስ።»

ከተማው ሳቀ። በማግስቱ አበጋዝ ሻይ ቤት ሲገባ ሰዎች ያንኑ ቃል እየተቀባበሉ ነበር። ባለሻዩ ብርጭቆውን እያቀረበለት «ሰምተሃል ጋሼ፣ ያቺን የአሮጌ ድልድይን?» አለው። አበጋዝ አብሮ ሳቀ። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በጻፈ ቁጥር አሮጌ ድልድይ ከኋላው አለ። አይሳደብም፣ አይቆጣም፤ አጭር ነገር ይላል፣ ሰዉም ወደሱ ያደላል። አበጋዝ ነገሩን ሲያብሰለስል ውሎ ሲያብሰለስል እያደረ አንድ ሐሳብ ገባው። ይህ ሰው አንድ አይደለም፤ ደጋፊዎቹም ራሱ ናቸው፤ ባለጥላ መሆን አለበት። ማስረጃ አልነበረውም። ሰው በራሱ ያለውን ነውር ከሌላው ላይ ለማየት ማስረጃ አያስፈልገውም።

የጥላ ክስ በሁለት ስም ነው የሚቀርበው። አንድ ስም ከከሰሰ ሸንጎው ሌላ ምስክር ይጠብቃል፤ ካላገኘ ክሱ ይወድቃል። ሁለት ከሆኑ ግን ተከሳሹ ማጣሪያ ይገባል። ሳምንት ሙሉ ሰሌዳው በማንኛውም ሰዓት፣ ሌሊትም ይሁን ቀን፣ ይጮህበታል፤ በጮኸ ቁጥር ወዲያው ተቀምጦ ይደክማል። ብዙ ስም ያለው ሰው ይህን አይችለውም ተብሎ ነው። አንዲት ጥሪ ያመለጠችው ሰው ስሙ ይሞታል።

ሰማያዊ ማገር ከሰሰ። ማንም አልተባበረውም። አበጋዝ ጠበቀ፤ ቀኑ እያለቀ ሄደ። በድካም ሰዓት ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ ሁለቱንም ክር ፈታ። ከዚያ የእናቱን ጣት ሳይለቅ ወደ ክሱ ወሰደውና ተጫነው።

ወይዘሮ ብርዛፍ ጣታቸውን አዩ። «ምን አደረግን?» አሉት።

«ምንም እማዬ።»

በአበጋዝ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ሰዓዳ የምትባል ሴት አለች። ቆላው የሰው መኖሪያ መሆኑ ከመቅረቱ በፊት ቀድማ የመጣች፣ ቲማቲም ማድረቂያ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። ወይዘሮ ብርዛፍን የምታጥባቸው፣ የምታበላቸው፣ ጠጉራቸውን የምትሠራቸው እሷ ናት። አበጋዝ ሊከፍላት ሞክሮ ነበር። «እናቴን ቆላ ቀብሬያት ነው የመጣሁ። ለሷ ያልሠራሁላትን እዚህ ለእማማ ልሥራ፤ ተዉኝ» አለችው። ከዚያ ወዲህ አልጠየቃትም። አንድ እህት አለቻት፤ ሞሚና ትባላለች፤ ልጆቿን ይዛ ከድንኳኖቹ ባንዱ ነው ያለችው።

በዚያ ሳምንት የሰዓዳ ዓይን ጠቁሮ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ሰነበተ። አንድ ጠዋት እናቱን ቁርስ እያጎረሰች ማንኪያውን በእጇ እንደያዘች አሸለበች።

«ምነው ሰዓዳ፣ አሞሻል እንዴ?» አላት አበጋዝ።

«ሙቀቱ ነው ጋሼ። እንቅልፍ አይሰጥም።»

«ወለሉን ውሃ እርጪው። እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው።»

«እሺ ጋሼ» አለች።

ረቡዕ ቀን ሥራ ላይ ሳለ ተጠራ። እናቱ መታጠቢያ ቤት ወድቀዋል። ሲደርስ ሰዓዳ እርጥብ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ የወይዘሮ ብርዛፍን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ግንባራቸውን በነጠላዋ ጭምቅ አድርጋ ይዛለች። ነጠላው በደም ርሷል። ሰዓዳ ፊቷ ነጭ ሆኖ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ራሷ ክፍል በኩል ታያለች።

«አሁን ቆሟል። ቀስ ብለው ይያዙልኝ» አለችው።

እናቱን ተቀበላት። ሰዓዳ ተነስታ ወደ ክፍሏ ሮጠች። ከክፍሏ ቶሎ አልወጣችም። አበጋዝ የደነገጠች መሰለው። ማታ ላይ ብርቱካን ገዝቶ በሯ ላይ ሰጣትና «እግዜር ይስጥሽ፤ አንቺ ባትኖሪ እናቴን ዛሬ አጥቻት ነበር» አላት። ብርቱካኑን በሁለት እጇ ተቀበለች።

በማግስቱ ሸንጎው ላይ «አሮጌ ድልድይ ሞቷል» የሚል ወጣ። አበጋዝ ደስ አለው። ያን ዕለት ምሳ ጣፍጦት በላ። እሑድ ድምፅ ተሰጠ፤ የሚከራከር አልነበረምና ታንከሩ ጉብታው ላይ ሆነ።

ነገሩ የወጣው ማክሰኞ ነው። አበጋዝ በድካም ሰዓት ለሙቀቱ በሩን ከፍቶ፣ ሁለቱን ሰሌዳ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ የእናቱን ጣት ይዞ ተቀምጧል። ከተማው ጸጥ ብሏል። በዚያ ጸጥታ መካከል ከግቢው ልብስ ሲራገፍ ሰማ። ቀና ብሎ ለማየት የቻለው ለቅጽበት ነው። ሰዓዳ ልብስ እያሰጣች ነበር። መላው ከተማ አንገቱን በደፋበት ሰዓት አንዲት ሴት እጇን ወደ ገመዱ ዘርግታ ቆማለች። ሁለቱም ክሮች ሊያመልጡት ሲሉ ደረሰባቸው።

ሲጨርስ ወጣ። መጠየቅ ነውር እንደሆነ ያውቃል፤ ግን አፉ ቀደመው። «ሰዓዳ፣ ዛሬ ድካም አላደረስሽም?»

«የምደክምለት የለኝም ጋሼ። ስሜ ሞተ።» የልብስ መቆንጠጫውን ከአፏ አውጥታ ገመዱ ላይ ሰካችው። «የሞተ ስም ቢጠራ ነውር የለውም አይደል? አሮጌ ድልድይ እኔ ነበርኩ።»

አበጋዝ የበሩን መቃን ያዘ።

«አምስት ዓመቱን የጨረስኩት አምና ነው» አለች። «ድምፅ ሳገኝ የመጀመሪያ ነገሬ የሞሚና ውሃ ይሆናል ብዬ ነበር። መናገርም እንደምችል አላውቅም ነበር ጋሼ። ሰው ፊት አፌ ይተሳሰርብኛል። እዚያ ግን ማን እንደሆንኩ የሚያይ የለ፤ ተናገርኩ። ሰዉ ሰማኝ።» ፈገግ ልትል ሞከረች። «ከዚያ ተከሰስኩ።»

«ማጣሪያውን... ማለፍ ትችዪ ነበር። አንድ ስም ብቻ ከሆነ ያለሽ።»

«ላልፈው ትንሽ ነበር የቀረኝ። የመጨረሻዋ ጥሪ ናት ያመለጠችኝ።»

መቼ ብሎ አልጠየቀም። እሷ ግን ነገረችው። «ረቡዕ። ሰሌዳውን ውሃ እንዳይነካብኝ ክፍሌ ትቼው ነበር፤ የእማማን ግንባር ይዤ ሳለሁ በግድግዳው ማዶ ጮኸ። ብለቃቸው ደሙ ይፈሳል። እስኪያቆም ሰማሁት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? እርስዎ ምን ያደርጉልኛል?» ያልተሰጣ ልብስ አንስታ አራገፈች። «ከሳሾቼ ሁለት ናቸው። አንዱስ ይሁን፤ ክርክር ነበረን፤ ተናድዶ ይሆናል። የማይገባኝ ሁለተኛዋ ናት። የጤፍ ነዶ ትባላለች። ከሷ ጋር አንድም ቀን ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ምን አድርጌያት ይሆን እያልኩ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።»

አበጋዝ ቤት ገባ። እናቱ ግንባራቸው ላይ ፋሻ እንደታሰረ፣ የጣታቸውን ጫፍ እያሻሹ ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ማየት አልቻለም።

ወዲያው የተናገረ ሰው ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። አልተናገረም። በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ደግሞ የእናቱን ጣት ያዘ። እጁ ብቻውን ሄደ፤ ልማድ ነው። ሰዓዳ ያበሰለችውን ምግብ ሳይነካ ትቶ ይነሳል። እሷ ግቢ ውስጥ ስትኖር ከቤት አይወጣም፤ እቤት ስትገባ መሣሪያውን አንስቶ ይወጣል። በመንገድ ላይ ሰው «እናትህ እንዴት ናት፤ አንተን የመሰለ ልጅ እኮ» ሲለው ጆሮው ይግላል። ሳይጠየቅ የሰዓዳን በር ማጠፊያ ጠገነ፤ ሳይጠየቅ መብራቷን ቀየረ። «አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ እንደ እርስዎ ያለ ሰው አይጥፋ» አለችው። ምርቃቱ እንደ ፍም ወደቀበት።

ቅዳሜ ጋሪ ተከራይቶ ሮቶ ሙሉ ውሃ ወደ ድንኳኖቹ ወሰደ። በዚህ ነገሩን እከፍለዋለሁ ያለ ይመስላል፤ በግልጽ አላሰበውም። መንገዱ ረጅም ነው፤ ወንዙን ወርዶ መውጣት አለ። ባዶ ጀሪካን ያዘሉ ሴቶች በጸሐይ ወደ ከተማው ሲወጡ፣ ሙሉ ያዘሉት ጎንበስ ብለው ሲመለሱ አገኛቸው። ጉብታው ላይ የታንከሩ መሠረት ሲሚንቶ ፈሶበት ከዚያ ይታያል። የሰዓዳ እህት ሞሚና ከድንኳኗ ወጥታ ማንነቱን ስትሰማ ጎንበስ ብላ እጁን ልትስም ያዘችው።

«ሰዓዳ ስለ እርስዎ ነግራኛለች። ከወንድም በላይ ናቸው ብላኛለች» አለችው።

እጁን ነጠቃት። ሴትዮዋ ያስቀየመችው መስሏት ደነገጠች። ሮቶውን እዚያው አራግፎ ጋሪውን እየጎተተ ተመለሰ፤ መንገዱን ሙሉ ያን እጁን ከሱሪው ጋር ሲያሸው ነበር።

እሑድ ጠዋት ሰዓዳ ወይዘሮ ብርዛፍን ዱካ ላይ አስቀምጣ ጠጉራቸውን ትሠራለች። አበጋዝ ፊታቸው መጥቶ ቆመ።

«ሰዓዳ፣ የጤፍ ነዶ ማን እንደሆነች አውቃለሁ።»

ሚዶዋን ሳታቆም «አይንገሩኝ ጋሼ» አለች። «የሕያው ሰው ስም ነው፤ ነውር ነው። ደግሞም ባውቅ ልጠላት ነው።»

«በእጅሽ ይዘሻታል።»

ሰዓዳ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ የያዘችውን ጠጉር አየች። ሳቅ የመሰለ ነገር ወጣት። «እማማ? እማማ ሰሌዳ ከትሪ አይለዩም።»

«አትለይም። ጣቷን ይዤ የተጫንኩት እኔ ነኝ። ዓመት አልፎኛል እንዲህ ስደክም። ሰማያዊ ማገርም እኔው ነኝ። ባለጥላ ነኝ ሰዓዳ።»

ሚዶው ቆመ። ሰዓዳ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ፊቷ ላይ አበጋዝ የጠበቀው ቁጣ አልመጣም፤ የመጣው፣ ሰው የራሱ ቤት መስሎት የሌላ ሰው ቤት ሲከፍት የሚሰማው ዓይነት ግራ መጋባት ነበር።

«ቀጥይ እንጂ ልጄ፣ በግማሽ ተውሽኝ» አሉ ወይዘሮ ብርዛፍ።

ሰዓዳ ቀጠለች። ሹሩባውን አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው ሠራች፤ ጫፉን ቋጠረች፤ ትከሻቸው ላይ የወደቀውን ጠጉር አራገፈች። ከዚያ ሚዶውን ዱካው አጠገብ አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባችና በሯን ዘጋች።

ያን ዕለት አበጋዝ ሸንጎው ላይ ጻፈ። የበፊቱን ያህል አላሳመረውም። «ሰማያዊ ማገርና የጤፍ ነዶ አንድ ሰው ናቸው። አሮጌ ድልድይ ባለጥላ አልነበረም። ባለጥላው እኔ ነኝ።» አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አልተቀመጠም። ሁለቱ ሰሌዳዎች ጠረጴዛው ላይ እየበሩ ጠበቁት፤ ግማሹ ሰዓት ሲያልቅ ተራ በተራ ጨለሙ። እናቱ እጃቸውን ዘርግተው ጣታቸውን የሚይዝ ሰው ሲጠብቁ ቆዩ፤ እሳቸውም ለምደውት ኖሯል።

የሸንጎው ሰው የሰማያዊ ማገርን የቤት ስም አያውቅም። ግን በድካም ሰዓት መንገድ ላይ እጁን አጣምሮ የሚሄድ ሰው ከታየ ማን እንደሆነ ለመገመት ብልህነት አያሻም። በሳምንቱ ሁሉም አወቀ። ማንም አልሰደበውም። ሻይ ቤት ሲገባ ወሬው ይቀዘቅዛል፤ ባለሻዩ ብርጭቆውን አስቀምጦ ያለ ቃል ይሄዳል። ማቀዝቀዣቸው የተበላሸባቸው ሰዎች ደሴ ድረስ ሰው ይልኩ ጀመር።

ሸንጎው ክሱን ሰረዘ። የሞተ ስም ግን አይነሳም፤ ለአንድ ሰው ቢነሳ ለሺህ ጥላ ይነሳል፤ ሕጉ እንዲያ ነው። የታንከሩ ድምፅ ያለ ሁለቱ ስሞች እንደገና ተቆጠረ። ታንከሩ እዚያው ጉብታው ላይ ቀረ። ለካ የጎደለው የሁለት ስም ቁጥር አልነበረም፤ የአንዲት ሴት ቃል ነበር። እሱን የሚቆጥርበት መንገድ ሸንጎው የለውም።

ሰዓዳ በሯን ከዘጋች በኋላ ሁለት ቀን አልታየችም። በሦስተኛው ጠዋት የሞቀ ውሃና ፎጣ ይዛ መጣች። አበጋዝ በሩ ላይ ነበር።

«ሰዓዳ፣ ይቅር ባትይኝም...»

«ጉዳዬ ከእማማ ጋር ነው» አለችውና አልፋው ገባች። «ጋሼ» አላለችውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል። እናቱን አጥባ፣ አብልታ፣ አስተኝታ እስክትወጣ ድረስ በሩ ላይ ይቆማል፤ ስትወጣ መንገድ ይለቅላታል። ፋሻውን የፈታችው ቀን ወይዘሮ ብርዛፍ ከወትሮው ነቃ ብለው ነበር። በሰዓዳ ትከሻ ላይ አሻግረው ሲያዩት ቆዩ።

«ያ በር ላይ የቆመው ሰውዬ ማነው?»

«ልጅዎ ነው እማማ።»

«የኔ? ታዲያ ምነው አይገባም?»

ሰዓዳ ጨርቁን በውሃው ነክራ ጨመቀችው። «አፍሮ ነው» አለች።

«ምን አድርጎ?»

ሰዓዳ መናገር ትችል ነበር። ጠባሳው ላይ ጨርቁን ቀስ አድርጋ እያሳረፈች፣ ወደ በሩ ሳትዞር፣ «እሱ ይንገርዎት» አለች።

አበጋዝ ገባ። ከእናቱ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራቸው። «ዛሬን ብቻ» ያለበትን ቀን፣ ጣታቸውን ይዞ የሄደበትን፣ ደማቸውን ይዛ ስሟን የለቀቀችውን ሴት። ከአንደበቱ የሚወጣውን ቃል ሰዓዳም እየሰማች ነው፤ ምንም አላስቀረም። ወይዘሮ ብርዛፍ የሩቅ አገር ወሬ እንደሚሰማ ሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡት። ሲጨርስ በኀዘን ከንፈራቸውን መጠጡ።

«አይ ጉድ» አሉ። «የማን ልጅ ነው እንዲህ ያለው?»

አበጋዝ አንገቱን ደፋ።

«ያንቺ ነው እማዬ» አላቸው።